የተቃናችው አክስቴ

ጋሸና ላይ ከሰው ቀድሞ የሚቀበልህ ነፋስ ነው። ከወልድያ የመጣው፣ ከደሴ በኮን በኩል የወጣው፣ ከደብረ ታቦር የዘለቀው መኪና ሁሉ እዚችው መገንጠያ ላይ ይገናኝና ገሚሱ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። የወረደው ተሳፋሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ጋቢውን እስከ ጆሮው መሳብ ነው። ደጋ ላይ ጆሮን መሸፈን ልማድ ነው። በዚሁ ልማድ ምክንያት ይመስለኛል፣ በአካባቢያችን «ከቅኝት ወጣህ» ተብሎ የተከሰሰ ሰው ለብዙ ዘመን አልነበረም።

ዘንድሮ ግን ክሱ ተመሠረተ። ተከሳሿ አክስቴ ናት።

ጥር ላይ ልጇን ዳረች። ዳስ ተጣለ፤ ከአዝማሪው ሌላ ኦርጋን የሚነካ ልጅ ከነሞንታርቦው በኪራይ መጣ፤ ከዳሱ ጀርባ ጄኔሬተር ተተከለ። ሁሉም በቪዲዮ ተቀረጸ። ወጪውን የሸፈነው ዋሽንግተን ያለው ወንድ ልጇ ስለነበር፣ ቀረጻውን በስልኩ ቀድሞ አየና አንድ ትእዛዝ ላከ፦ «የእማዬን ድምፅ አስተካክሉልኝ፤ እዚህ ሰው ያየዋል።» ድሮ ልጅ ሲያጠፋ የምታፍረው እናት ነበረች። አሁን እናት አገር ቤት ዳስ ውስጥ ስትዘፍን ልጅ አሜሪካ ሆኖ ያፍራል።

ፍላሹን ልቀበል ፎቶ ቤት ስገባ፣ ቪዲዮውን የሚያስተካክለው ልጅ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ አክስቴን በማውስ እየጎተተ ነበር። ድምጿ ላፕቶፑ ላይ እንደ ተሰጣ ብቅል ጉብ ጉብ ብሎ ተዘርግቷል። አንዷን ጉብታ ይይዝና ወደ ላይ ያነሳታል፤ ሌላዋን ይደፍቃታል።

«ይኸውልዎ ጋሼ፣ እዚች ጋ እማማ ወርደዋል። እዚህ ደግሞ ወጥተዋል።»

«ከምን ነው የወረዱት?»

«ከመስመሩ።»

መስመሩን ማን እንዳሰመረው ለማወቅ ወደ ዳሱ መመለስ ያስፈልጋል። አክስቴ ዘፈን የምታወርደው ጉሮሮዋ በዋለበት ልክ ነው፤ ያን ዕለት ጉሮሮዋ ሌሊቱን ጭስ ሲጠጣ አድሮ፣ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሲጣራ ውሏል። አዝማሪው ብርዱ የመሰንቆውን ቆዳ ቢያረግብበት ፍም ላይ ሞቅ ሞቅ አደረገና ጭራውን ወጥሮ በእሷ ድምፅ ቃኘው። የመሰንቆ ደንቡ ይህ ነው፤ የሚቃኘው ለዘፋኙ ነው። ኦርጋኑ ግን ተቃኝቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ተሰብስበው «ላ» የምትባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ትርገብገብ ብለው ተስማምተዋል። ኦርጋኑ በዚያ ስምምነት ይኖራል። አክስቴ በስብሰባው አልተወከለችም።

ኦርጋን ነኪው ግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ እያደረገ ሲያሳድዳት አመሸ። አልደረሰባትም፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ነበረች። ደግሞም አይፈረድባትም፤ ሞንታርቦዎቹ ፊታቸውን ለእንግዳው፣ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው ነበር። መድረክ ላይ ያለ ዘፋኝ ቅኝት ሲስት «ጆሮ የለውም» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጆሮ አለው፣ ራሱን አይሰማም እንጂ። በትልልቅ መድረኮች ላይ ከዘፋኙ እግር ሥር ሽቅብ የሚያንጋጥጥ ድምፅ ማጉያ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። የአክስቴ እግር ሥር የነበረው የጠላ ጋን ነው።

ታዲያ የሳተው ማን ነው? አክስቴም፣ መሰንቆውም፣ ኦርጋኑም ለየብቻቸው ልክ ነበሩ። ላፕቶፑ ግን ከኦርጋኑ ጋር ያልተስማማ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ብሎ ፈረደ።

የዚህ ዳኛ የትውልድ ታሪክ ራሱ ያስቃል። አውቶቲዩን የሚባለውን ማቃኛ እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ያቀረበው አንዲ ሂልደብራንድ፣ ከዚያ በፊት ለነዳጅ ፍለጋ ወደ መሬት ሆድ የሚላክ ሞገድ ሲመለስ ምን ይዞ እንደመጣ የሚተረጉም መሐንዲስ ነበር። በዚያው ስሌት የሰው ድምፅ የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ እንደሚቻል አየ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ለነዳጅ የተማረው ስሌት የአክስቴን ጉሮሮ ሊቆፍር የመጣው።

መሣሪያው ጨዋ ሆኖ መሥራት ይችላል። የሳተውን ድምፅ በምን ያህል ፍጥነት ይያዘው የሚል መዘውር አለው። ቀስ ካለ ጆሮ ሳያውቅ ይደግፋል፤ ዜሮ ላይ ከተደረገ ግን ድምፅ ከእርከን ወደ እርከን እንደ ፌንጣ ይዘላል። አሜሪካዊቷ ሼር እ.ኤ.አ. በ1998 ሆን ብላ በዜሮው ዘፍና ዓለምን አዳረሰች። ልጁን የት ላይ እንዳደረገው ጠየቅኩት።

«ዜሮ ላይ ነዋ! ሰው ገንዘብ ከፍሎ ካልተሰማው ምን ዋጋ አለው?»

ስለ ንግድ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ዝም አልኩ። ቀጥሎ የትኛውን ስኬል እንደመረጠ ጠየቅኩት። ሜጀር ነው አለኝ። ለምን? «ሰርግ ነው ጋሼ፤ ማይነር ያሳዝናል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ሁለቱ በቀጥታ የወሎ አገር ስም ናቸው። አክስቴ የቅኝት ስም ተጠይቃ አታውቅም፤ ግን አፏን ስትከፍት አምባሰል ነው የሚወጣው። በአምስት ድምፅ ትሄዳለች፤ አምስቱም ቢሆኑ የኦርጋኑ ቁልፍ ላይ እግራቸውን ገጥመው አይቆሙም። መሣሪያው በአምስት ድምፅ ብቻ እንዲሄድ በእጅ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ማን ጊዜ አለው! አምባሰልን የሚያህል አምባ በአንድ ማውስ ጠቅታ ሜዳ ሆነ።

ድምጿን ስታወርድ የምታንቀጠቅጣት ነገርም አለች፤ እሷም ታርማ ጠፍታለች። ይህን ሳይ ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ወዲያ ያሉት የላሊበላ ካህናት ታወሱኝ። የዜማው ሊቃውንት ከቃሉ በላይ ለማንቀጥቀጡ ብቻ የሚጻፍ ምልክት አላቸው፤ ርክርክ ይሉታል። ላፕቶፑ ለርክርክ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፦ ስሕተት። ታኅሣሥ 29 ለገና ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ ገሚሶቹ ካህናት ቤተ ማርያም ካለችበት አለት አፋፍ ላይ፣ ገሚሶቹ ከታች ግቢው ውስጥ ቆመው ሲቀባበሉ ልጁ ላፕቶፑን ይዞ ቢደርስ ብዬ አሰብኩ። ደግነቱ መሣሪያው በአንድ ጊዜ መስማት የሚችለው አንድ ጉሮሮ ነው።

የሰርጋችንም ጣጣ ከዚያው ነው የመጣው። ስቱዲዮ ውስጥ ዘፋኙ ለብቻው ይቀዳል፣ ድምፁ ቢሳሳት እሱን ብቻ ማንሳት ይቻላል። በቀጥታ የተቀዳ ነገር ላይ ግን ማይኩ ውስጥ የሌለ የለም፤ ከበሮው፣ እልልታው፣ ጄኔሬተሩ፣ ማዶ የታሰረው አህያ። አክስቴን አንድ እርከን ከፍ ሲያደርጋት አብረዋት ያሉት ሁሉ ተያይዘው ከፍ አሉ። እልልታው የሞባይል ጥሪ ሆነ። አህያው አራት ጊዜ ጮኾ አራቱንም በሜጀር ጮኸ፤ ኦርጋኑን በትክክል የተከተለው እሱ ብቻ ነው። ልጁ የሚቃናውን መርጦ ቢያቃና ምናልባት ያምር ነበር፤ እሱ ግን ሰልችቶት ፋይሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፈጭቶታል።

ደግሞ እኛ ለቀጥታ ድምፅ ይህን ያህል ተቆርቋሪ የሆንነው መቼ ነው? በበዓል ቀን ቴሌቪዥን ስናይ ውለን፣ ዘፋኙ ማይኩን ከአፉ ላይ አንስቶ እንግዳ ሰላም ሲል ዘፈኑ ሳይቋረጥ ሲቀጥል አንድም ቀን አልገረመንም። የመሰንቆው ደጋን ከጭራው ሁለት ጣት ርቆ ሲመላለስ መሰንቆው ይጮኻል። እናጨበጭባለን።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባሳተማቸው ሸክላዎች ላይ ዘፋኝና ባንድ አንድ ላይ የቆሙበት ድምፅ ይሰማል። ፈቀቅ ያለች ድምፅ ካለች እዚያው ናት፤ ዛሬ «ለዛ» ብለን እንጠራታለን፣ ፈረንጅም ከፍሎ ይሰማታል። ይባስ ብሎ አዲስ ዘፈን ላይ የአሮጌ ሸክላ ንጭንጭታ የሚጨምር ፕሮግራም ወጥቷል። አንዱ ላፕቶፕ ስሕተት ሲያወጣ፣ ሌላው ስሕተት ሲከት ይውላል። የአክስቴ ልጅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የእናቱን የሳተ ድምፅ መልሶ የሚገዛ ይመስለኛል።

ፍላሹን ይዤ ሄድኩ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ቶናው ሲቀዳ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰካ። አክስቴ ለጥቂት ጊዜ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች።

«ይቺ ደህና ትዘፍናለች። የማን ልጅ ናት?»

«አንቺ ነሽ እኮ፣ እትዬ።»

ጠጋ ብላ አየች። «አፉስ የኔ ነው» አለችና ወደ ረከቦቷ ተመለሰች። ከፋት ብዬ ነበር፤ ምንም አልመሰላት።

ቪዲዮው ቀጠለና የሙሽራው አባት ብርሌያቸውን ይዘው የተነሱበት ቦታ ደረሰ። ለአዲሶቹ ጎጆ ወጪዎች አንድ ወይፈንና አንዲት ጊደር እሰጣለሁ ያሉት እዚያ ላይ ነው። የሽማግሌው ድምፅም ከመፈጨት አልተረፈም። «ወይፈን» ሲሉ ወጣ፣ «ጊደር» ሲሉ በሦስት እርከን ተንከባሎ ወረደ፣ «እሰጣለሁ» ላይ እንደ ሼር ዘለለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም።

«ለዚያ ልጅ ደውልለት። ይቺን እንደነበረች ይመልሳት።»

«ተዪው እትዬ፣ ያስቃል እኮ!»

«ጊደሯ እስከ ዛሬ አልመጣችም። ሽማግሌ ይዤ ልሄድ የነበረው በዚች ቪዲዮ ነው። አሁን ‹ዘፈን ነው እንጂ ቃል አልነበረም› ቢሉኝ ምን እላለሁ?»