ከሶኬቱ እስከ ማሊ

ለበዓል ባለ ቀለም ፓውዛ የሚገዛ ሰው ከፓውዛው በፊት ሜትር ይበደር። ባቱ ውስጥ ሜትር የሚያበድር አናጺም ልብስ ሰፊም አይጠፋም፤ የሚጠፋው ገመድ ከመግዛቱ በፊት ግቢውን የሚለካ ሰው ነው። አብዛኛው ሰው በእርምጃ ገምቶ ይገዛል። በእርምጃ የተለካ ገመድ ደግሞ ሁልጊዜ በሩ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ይቀረዋል። ያቺ አንድ ክንድ በቁርጥራጭ ሽቦ ትቀጠላለች፣ በናስትሮ ትጠቀለላለች፣ ጥምቀት ላይ ልጆቹ ውሃ ሲረጫጩ ደግሞ ብሬከሩን ታወርደዋለች።

እኛ ቤት ይህ አይታሰብም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ኤሌክትሪሺያን ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በአበባ እርሻ ግሪንሃውስ ውስጥ ገመድ ሲዘረጋ ስለሆነ ከ200 ሜትር በታች ያለውን ነገር እንደ ርቀት አይቆጥረውም። ያም ሆኖ ገና ሲቃረብ ሜትሩን ይዞ ከተፍ ይላል፤ አንዱን ጫፍ ለኔ ያስይዘኛል። በዚህ ቤት ያለኝ የቴክኒክ ኃላፊነት ይኸው ነው፤ ጫፍ መያዝ።

ጋሼ ከሶኬቱ እስከ ፓውዛው በዓይኑ መስመር አያሰምርም። ከሶኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ በጣሪያው ክፈፍ ይዞራል፣ ማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል፣ ወርዶ ግድግዳውን ይይዛል። በዓይን 8 ሜትር የምትመስል ቦታ 15 ሜትር ገመድ ትበላለች። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ፓውዛ አንድ አንድ ሜትር ትርፍ ይጨምራል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ለእህቴ» አለኝ። እውነቱን ነው። ባለቤቴ ፓውዛ ከተሰቀለ በኋላ «እስቲ ትንሽ ወደዚህ» ሳትል ያለፈ በዓል የለም።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሳው በልጃችን ነው። ከአዳማ ስትመጣ የውጭ በሩ ላይ የሚጠመዘዝ ስትሪፕ ላይት ገዝታለች፤ ባለ 12 ቮልት፣ 24 ዋት። ሐሳቧ ትንሿን አዳፕተር ሳሎን ውስጥ ሰክቶ ቀጭኑን ገመድ እስከ በሩ 20 ሜትር መጎተት ነበር። ጋሼ የፓውዛውን ካርቶን ገልብጦ ጀርባው ላይ ሒሳብ ያዘ።

«24 ዋት በ12 ቮልት ሲሠራ 2 አምፔር ይስባል። ባለ 0.75 ገመድ 20 ሜትር ሄዶ 20 ሜትር ሲመለስ፣ ወደ 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በሩ ጋ የሚደርስልሽ 10 ነው።»

«መመለስ ምን አስፈለገው?» አለች ልጅቱ።

«ካልተመለሰ አይበራም።»

መፍትሔው አዳፕተሩን ራሱን በሩ ጋ፣ ዝናብም ውሃም የማይነካው ጥላ ሥር ወስዶ፣ ረጅሙን መንገድ 220 ቮልቱ እንዲሄድ ማድረግ ነው። በ220 ያው መብራት የሚስበው አንድ አሥረኛ አምፔር ገደማ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚጠፋው ከምንም አይቆጠርም። 12 ብር የያዘ ሰው 2 ብር ቢጥል ተመልሶ መንገዱን ይፈልጋል፤ 220 የያዘው ግን በዐሥር ሳንቲም አንገቱን አያዞርም።

ሁለተኛው ክርክር ከየትኛው ሶኬት እንነሳ የሚለው ነበር። ቅርቡ የማድ ቤቱ ነው። የማድ ቤቱ ሶኬት ግን ምጣድ አለበት፤ ምጣድ ባለበት ሶኬት ላይ ሌላ ነገር መሰካት በጋሼ ሃይማኖት ኃጢአት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይጎትታል፤ 16 አምፔር ማለት ነው። ከሱ ጎን በማከፋፈያ የተሰካ ቀጭን ገመድ የበዓል ዋዜማ ሲሞቅ ሲሞቅ ውሎ ማታ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ሰው ደግሞ ሽታውን በዶሮ ወጡ ያሳብባል። አራቱ ፓውዛዎቻችን፣ እያንዳንዳቸው 30 ዋት፣ ተደምረው ግማሽ አምፔር ያህል ቢስቡ ነው። ከሳሎኑ እንነሳ ተባለ፤ ገመዱ በ6 ሜትር ረዘመ።

ባለቤቴ ይህን ጊዜ የካርድ ቆጣሪውን ነገር አነሳች። ጋሼ እንደገና ካርቶን ገለበጠ፤ አራቱ ፓውዛዎች በየማታው 5 ሰዓት ቢበሩ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚበላው ካርድ ለአምስት ማታ ፓውዛ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።

«እንጀራው ይበላል» አለች እህቱ፤ «ፓውዛህን በምን ወጥ ልብላው?»

ለዚህ ካርቶኑ ላይ መልስ አልተገኘም።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚያ ነውና። የገመድ ርቀት የዕቅዱ ግማሽ ነው። ግማሹ ፓውዛው ከግድግዳው፣ ፓውዛውም ከፓውዛው የሚቆምበት ርቀት ነው። የቤታችን ፊት ነጭ ኖራ የተቀባ ነው፣ ርዝመቱም 10.5 ሜትር። ነጭ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ጎረቤት ያለው ሰማያዊ ግንብ ላይ ቀይ ፓውዛ ቢያበሩበት ጥቁር መስሎ ቁጭ ይላል፤ ያልተለሰነ ብሎኬት ደግሞ ማንኛውንም ቀለም ጠጥቶ ዝም ነው። በአረንጓዴ መብራት ሥር የበግ ሥጋም እንዲሁ ይጠቁራልና አራተኛው ፓውዛ በነጭነቱ እንዲቆይ ተወስኖ ሥጋ መክተፊያው ጋ ተሰቀለ።

እኔ ለአረንጓዴ፣ ለቢጫና ለቀይ ሦስት ፓውዛ ይሰለፋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጋሼ ሁለት ብቻ አቆመ።

«ቢጫውስ?»

«ቢጫው ራሱ ይመጣል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቶኑ ላይ 120 ዲግሪ ይላል። እንዲህ ያለ ፓውዛ ከግድግዳ 2 ሜትር ርቆ ሲቆም ወደ 7 ሜትር ስፋት ያለብሳል። ሁለቱን በ3.5 ሜትር ስታራርቃቸው ግራው 3.5 ሜትር አረንጓዴ ብቻ፣ ቀኙ 3.5 ሜትር ቀይ ብቻ ይሆንና መሐል ላይ ተደራርበው 3.5 ሜትር ይተርፋል። የቀለም ብሩሽ ይዞ አረንጓዴና ቀይ የቀላቀለ ሰው የሚያገኘው ጭቃ ነው፤ በብርሃን ግን ሁለቱ ሲገናኙ ቢጫ ይወጣል። እውነት ለመናገር ዳር ዳሩ ወደ ብርቱካን ያደላል፣ ግን ቢጫ ነው። ሲመሽ ተበራና ግቢው በሙሉ እልል አለ። ከማዶ ያሉት ጎረቤታችን «ባጋ ጌሰን!» ብለው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

ጸጥ ያሉት ቲቸር ብቻ ነበሩ። ቲቸር ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ካድሬውም ባጃጅ ነጂውም፣ አስተምረውታል። ጋቢያቸውን አስተካክለው ግድግዳውን ካዩ በኋላ ፈረዱ።

«ግሩም ነው። ግን ማሊ ነው።»

«እንዴት ማሊ?»

«የኛ ባንዲራ የተኛ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ከቆመ ዋና ከተማው ባማኮ ነው።»

ጋሼ ሽንፈት አያውቅምና ሪሞቱን አንስቶ ግራውን ቀይ፣ ቀኙን አረንጓዴ አደረገው። ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ጊኒ ሆነ። ኮናክሪ።»

ያኔ ነው «ለእህቴ» የተባለችው ትርፍ ገመድ የወንድሟን ክብር ያዳነችው። አንዱ ፓውዛ ክፈፉ ላይ ወጥቶ አረንጓዴውን ወደ ታች አፈሰሰ፤ ሌላው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቀዩን ወደ ላይ ሰደደ፤ ቢጫው ወገብ ላይ ተጋደመ። ወደ አገራችን ተመለስን። ቲቸርም ደስ ብሏቸው ስለ ገና መብራት አነሳስ አጫወቱን። በ1882 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ኤድዋርድ ጆንሰን የሚባል የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የገና ዛፉን በ80 የኤሌክትሪክ አምፖሎች አስጊጦ ነበር፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ ያውም ዛፉ በኤሌክትሪክ እየተሽከረከረ። የአገሩን ባንዲራ ቀለማት መሆኑ ነው። ሰውየው ዕድለኛ ነበር፤ ሳሎኑ ውስጥ ቲቸር ቢኖሩ ኖሮ ፈረንሳይ ነው ሆላንድ ሲባል ሌሊቱ ይነጋበት ነበር።

ሦስተኛው ፓውዛ የእትዬ ነው። እትዬ የቀኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ በዓሉን እኛ ጋ ነው የሚውሉት። የማርያም መጎናጸፊያ ሰማያዊ ነውና አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ገበታው አጠገብ ይሁንልኝ አሉ። ለእትዬ እንቢ የሚባል ነገር የለም። ችግሩ ባቱ የሐይቅ ዳር ከተማ መሆኗ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ከሐይቁ የሚነሳ ትንኝ መብራት ያየ እንደሆነ ሳይጠራ ይመጣል፤ ከቀለም ሁሉ ደግሞ አብልጦ የሚወደው ሰማያዊና ሐምራዊውን ነው። ቢጫና ቀይ ብዙም አይስበውም። ሰማያዊ ፓውዛ ገበታ አጠገብ ማቆም ማለት ሐይቁን በሙሉ ለእራት መጥራት ነው።

ጋሼ ለትንኝም ለማርያምም የሚሆን ርቀት ፈለገ። ሰማያዊው ከገበታው 12 ሜትር ርቆ ጓሮ አጥሩ ጥግ፣ ግራሩ ላይ እንዲበራ ተደረገ።

«እንዲህ ሩቅ?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ እመቤታችን ከሩቅም ታየናለች።»

ተስማሙ። ትንኙም ተስማማ፤ ጠቅልሎ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። የአጥሩ ጥግ ግን የኛ ብቻ አይደለም፤ ከማዶው የባጃጅ ባለቤቱ ቤተሰብ እራት ይበላል።

የገና ዋዜማ መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ ጋሼ የአሉቶን ነገር አነሳ። እዚሁ አጠገባችን፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል፣ የአገራችን የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያ አለ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲተከል 7.3 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ነው። ጋሼ በሻማ ብርሃን አስልቶ 243 ሺህ ፓውዛ ያበራል አለን። ባለቤቴ አራት ይበቃናል አለችው። መብራቱ ሲመለስ ሁለቱ ፓውዛዎች ቀለማቸውን አስታውሰው ተነሱ፤ ሁለቱ ግን ሁሉን ረስተው ነጭ በነጭ ሆነው ብቅ አሉ። ይሄ የፓውዛው ዓይነት ነው፤ የሚያስታውስ አለ፣ የማያስታውስ አለ፣ ካርቶኑ አይናገርም። ጋሼ ሪሞቱን ይዞ ግቢውን እየዞረ አንድ በአንድ አስታወሳቸው። የርቀት ነገር እዚህም አለ፤ ሪሞቱ ፓውዛውን ፊት ለፊት ካላየውና ጥቂት ሜትር ካልቀረበው አይታዘዝለትም።

አስታውሶ ቁጭ ከማለቱ የማርያሙ ሰማያዊ ቀይ ሆነ። ጋሼ ተነስቶ ሰማያዊ አደረገው። ተመልሶ ቀላ። እትዬ አማተቡ። ሦስተኛው ዙር ላይ ግራሩ ላይ ያደረ አባ ኮዳ ሐምራዊ ሆኖ አንገቱን ሲያወጣ የባጃጅ ባለቤቱ ልጅ ሳቅ አመለጠው። ልጁ ከዚያው ሱቅ ያንኑ ፓውዛ ገዝቷል፤ የዚህ ዓይነት ፓውዛ ሪሞት ደግሞ ባለቤት አይለይም፤ የአንዱ ቁልፍ የሁሉንም በር ይከፍታል። አጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ትንኙን ከእናቱ ሳህን እያባረረ ነበር። ማን ይፍረድበት?

ሽምግልናው ቲቸር ላይ ወደቀ። ታቦታቱ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት በኛ መንገድ ነውና እስከ ከተራ ነገሩ መልክ ይያዝ ተባለ። ሰማያዊው ከአጥሩ 4 ሜትር ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ ጋሼም ለልጁ እናት ገበታ አንድ ቢጫ አምፖል እንዲሰቅል፣ ሁለቱም ሪሞቶች ጥምቀት እስኪያልፍ ቲቸር ኪስ እንዲቀመጡ ተወሰነ። ጋሼ ለ4ቱ ሜትር አዲስ ገመድ መግዛት አላስፈለገውም፤ የእህቱ ትርፍ አላለቀም ነበር።

ከተራ ማታ ሕዝቡ እየዘመረ በበራችን ሲያልፍ ግድግዳችን ድንገት አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ቀጥሎ ሁሉንም እያፈራረቀ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ጋሼ ወደ አጥሩ ሮጠ። ልጁ ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳየው። ቲቸር ግን ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ አንድ እጃቸውን ከውስጥ አድርገው፣ የትም አገር ባንዲራ የማይመስለውን ግድግዳ ትኩር ብለው ያያሉ።