ሽሮ፣ ማርክስ እና ድፍን ድፍን መቶ ብር

ምግብ ሁሉ ለንባብ አይሆንም። ዶሮ ወጥን ብንወስድ፣ 12ቱም ብልት ባለቤት ባለቤት አለው፤ መጽሐፍ ላይ ያቀረቀረ አባወራ ቀና ሲል ፈረሰኛው የለም። ክትፎ ጨዋታ ይወዳል፤ ብቻውን መጽሐፍ ይዞ ክትፎ የሚበላ ሰው ሲያዩ አስተናጋጆቹ «ምን ሆኖ ይሆን?» ይባባላሉ። ፓስታም ቢሆን ዓይን ካልተሰጠው ሸሚዝ ላይ ያርፋል። ሽሮ ግን አጥንት የለው፣ እሾህ የለው፣ የብልት ድልድል የለው። ቀኝ እጅ መንገዱን ያለ ዓይን ያውቀዋል፤ ግራ እጅ መጽሐፉን ይይዛል። ገጽ መግለጥ ሲመጣ ትንሽ ጭንቅ አለ፤ እሱንም በክርን መወጣት ይቻላል። ተጋቢኖ ከሆነ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ከምድጃ ወርዶም ሲንተከተክ ስለሚቆይ ይፈናጠራል። እኔ የት ገጽ ላይ እንዳቆምኩ የማውቀው በዚሁ ፍንጣቂ ነው፤ ዕልባት ገዝቼ አላውቅም።

እንግዳ ሲመጣ «ምንም የለም፣ ሽሮ ነው» ሲባል ግን ያበሳጨኛል። አተሩ ወይም ሽምብራው ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ በየተራ ተዘጋጅቶ ይገባበታል። ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዶሮና ከጎረቤት ልጅ ይጠበቃል፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይይዛል። ምንም ለሌለበት ገበታ ይህ ሁሉ ድካም? ለልቦለዳቸው የዚህን ሩብ ያህል የማይዘጋጁ ደራሲዎች አሉ፤ ሲያነቡት ያስታውቃል፤ ያልበሰለ ዱቄት ዱቄት ይላል። ደግነቱ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን የዐቢይ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ። ነፍሴ ምን ያህል እንደተጠቀመች እንጃ እንጂ፣ ካነበብኩት አብዛኛውን ያነበብኩት በጾም ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን መጀመሪያ ያነበብኩት በዓይኔ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ነው፤ እኛ ቤት የገባው ግን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኩል ነበር። ትረካው ሲጀምር እናቴ ሽሮ እያማሰለች ከሆነ ማማሰያው እዚያው አየር ላይ ይቆማል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ እኛ ልጆቹ እግራችንን እንሰበስባለን፤ በዛብህ ሲጨነቅ እናቴ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ያ ሁሉ ሕዝብ ከአንድ ሰው ጉሮሮ የሚወጣ መሆኑን አባቴ ሊያስረዳን ቢሞክርም ማናችንም አልተቀበልነውም። በዚህ መሐል ሽሮው ያርራል። እስከ ዛሬ ጉዱ ካሳ አፉን በከፈተ ቁጥር ትንሽ ያረረ ሽሮ ይሸተኛል፤ የሚናገረው ነገር ደግሞ ከዚያ ሽታ ጋር እንዴት እንደሚሄድ!

ከመጻሕፍት መደብር ሌላ የምተማመንባቸው አቅራቢዎች ቆሎ ሻጮች ናቸው። በኋላ ፌስታል በዛ እንጂ ቆሎ የሚጠቀለለው በደብተር ወይም በመጽሐፍ ቅጠል ነበር። አንድ የወንጀል ልቦለድ ቅጠል ደርሶኝ ያውቃል፤ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ «ገዳዩ ከመካከላችን ነው» ሊል ሲል ወረቀቱ አለቀ። በማግስቱ ሄጄ ከዚያው መጽሐፍ የተጠቀለለ እንድትሰጠኝ ብለምናት፣ ሻጯ በሐዘኔታ አይታኝ ሱፍ መረቀችልኝ። የተጠቀለለችበት ወረቀት የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ነበር። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚሼልን ልቦለድ ሲተረጉም የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኛ መጽሐፉን መጠቅለያ ስናደርግ፣ እሱ መጠቅለያውን መጽሐፍ አደረገው።

ወደ ቤቴ ጉድ ልምጣ። የምግብ ጠረጴዛችን አንድ እግሩ ያነክሳል። አንድ ማታ ሽሮዬንና መጽሐፌን ይዤ ስቀመጥ ተወዛወዘብኝና፣ ከመደርደሪያው ወፍራሙን መርጬ ላስደግፈው ተነሣሁ። ወፍራሙ በደርግ ዘመን የታተመ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም መዝገበ ቃላት ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት። ሳነሣው «ከበርቴ» ከሚለው ብዙም ሳይርቅ ከመሐሉ ድፍን ድፍን መቶ ብሮች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ባለቤቴ ከማድ ቤት እየሮጠች መጣች።

«እንዳትነካው! የኔ ነው! ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው!»

«እዚህ ውስጥ?»

«ታዲያ የት ላድርገው? እሱን መጽሐፍ ሌባም አይገልጠው፣ አንተም አትገልጠው።»

የግል ሀብት በማርክስና በሌኒን ጥበቃ ሥር! ሁለቱም አደራቸውን አልበሉም፤ አንዲት ቅጠል አልጎደለችም። ችግሩ ብሮቹ አሮጌዎቹ መሆናቸው ነው። በመስከረም 2013 አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው ሲቀየር፣ ባለሁለት መቶውም ሲመጣ፣ ለቅያሪው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ያኔ ሰው ፍራሹን ቀደደ፣ ማሰሮውን ገለበጠ፤ ማርክስን ግን ማንም አላራገፈውም። ባለ አምስቷ ብር ስላልተቀየረች አምስት አምስት ብር ደብቃ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ቢያንስ ቆሎ ይገዛ ነበር። ይህን ጮክ ብዬ መናገሬ በጊዜው አላስፈላጊ እንደነበር ከፊቷ ተረዳሁ።

አንዱን ብር አንሥቼ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ያለው ሰውዬ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰ ነው። ያን መዝገበ ቃላት በቤታችን ታሪክ በትኩረት ያጠናው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ባለቤቴ አዲሱን ገንዘቧን የት እንዳዛወረችው አልተናገረችም። እኔም ማታ ማታ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች፣ ገጽ በገጽ መግለጥ ይዣለሁ፤ የፍሪጁን መመሪያ፣ የልጆቹን የሒሳብ መጽሐፍ፣ የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ሳይቀር። እስካሁን ብር የለም። ደንቡ ውስጥ መዋጮ ስለሚያዘገይ አባል የሚናገር አንድ አንቀጽ አገኘሁና ቶሎ ዘጋሁት። ባለቤቴ ግን ትናንት በስልክ ለእናቷ ስታወራ ሰማኋት፦

«ኧረ እሱ ደኅና ነው፤ ዘንድሮ እንኳን ንባብ በርትቶበታል።»