ለርብና ለጉማራ ጥብቅና

ፎገራ ሜዳ ላይ የአረንጓዴ ሻጋታ ነገር ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው በሁለት ተከሳሾች ላይ ነው፤ በርብና በጉማራ ወንዞች። ክረምት ገብቶ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ወረታ ላይ ያልተደረገ የቆዳ ጫማ ሳይቀር አረንጓዴ ጺም ያወጣል፤ ጥፋቱም በወንዞቹ ይላከካል። እኔ ግን ለወንዞቹ ጥብቅና ቆሜያለሁ። ምስክሬ ሩዝ ነው። ውኃ ውስጥ ቆሞ ይከርማል፤ የራሱ በሽታ ባያጣውም እንደ ጫማው አረንጓዴ ጺም አያወጣም። ይኸው ሩዝ ተወቅቶ፣ በቅጡ ሳይደርቅ ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ አፉ ሲሰፋ ግን ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ይሻግታል። ባለሙያዎች እርጥበቱ ከመቶ 14 ሳይበልጥ ይከማች ይላሉ። ደግሞስ ሩዝ የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ፣ ወንዞቹ ከጎደሉ በኋላ አይደል? ተከሳሾቹ በቦታው አልነበሩም!

በቁሙ ያለ ሰብል ሕይወት ስላለው ራሱን ይከላከላል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሬሳን ከፍኖ እርጥብ ቦታ ማስቀመጥ ግን የወንዝ ሥራ አይደለም። የሻጋታ ሠፈር ክዳን ያለበት ነው፦ ከሣጥን የማይወጣ የሠርግ ኮት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቁምሳጥን ጀርባ፣ እንፋሎቱ ሳይወጣለት ፌስታል ውስጥ የታፈነ እንጀራ። «ካልከደንኩት ይደርቅብኛል» ትል ይሆናል ባለሙያዋ። ይድረቅ! የደረቀው ድርቆሽ ተብሎ ስንቅ ይሆናል፤ የሻገተው ለምንም አይሆንም። ጫፉን ቆርሶ ጥሎ የቀረውን ለፍርፍር የሚያውል ቆጣቢም አለ። ግን በዓይን የሚታየው አረንጓዴ የሻጋታው ፍሬ ነው፤ ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች የሻገተ የለውዝ መኖ በልተው አልቀዋል። የገደላቸው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በማብሰል በቀላሉ አይጠፋም፤ ሻጋታን በበርበሬ ማስፈራራት አይቻልም ማለት ነው። «ፔኒሲሊንስ ከሻጋታ አይደል እንዴ?» ለሚል ሞጋች፦ አዎ፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው ከሻጋታ ነው። ታዲያ የሐኪም ዘመድ ሁሉ መርፌ ይወጋል?

ስለዚህ እንጀራው ሰፌድ ላይ በደንብ ይብረድ፤ ሩዙ ጥርስ ላይ ቀጭ እስኪል ፀሐይ ይምታው፤ ማዳበሪያው ከመሬት ከፍ ብሎ ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ርብና ጉማራ በነጻ ይሰናበቱ።