አርሰናል ሲሸነፍ አምቦ ላይ ድንኳን ይተከል?

በአምቦ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የሞተ ሰው ቀባሪ የሚያገኘው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። የዕድሩ ጡሩምባ ቢነፋስ ማን ይሰማዋል? ከዲኤስቲቪ ቤቶቹ የሚወጣው ጩኸት ሁሉካን ወንዝ ተሻግሮ እኔ ቤት ድረስ ይገባል። በቀደም የልጅ ልጄ ራቱን ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» ስለው «ተሸነፍን፣ አባባ» አለኝ።

«ከማን ጋር? ከጉደር?»

ከኒውካስል ጋር ኖሯል። ኒውካስል የድንጋይ ከሰል ከተማ እንደነበረች ጂኦግራፊ ሳስተምር ስንት ትውልድ አሸምድጃለሁ፤ እኛን ከራት የምትከለክል መሆኗን ግን መጽሐፉም አላነሣውም።

ባጃጁም ያው ነው። አሁን አሁን ከመናኸሪያ ስሳፈር ሾፌሩን ትቼ የተለጠፈውን ቡድን ነው የማየው። ማንቸስተር በተሸነፈ ማግስት የማንቸስተር ባጃጅ ውስጥ የገባ ሽማግሌ ሰላምታውም አይመለስለትም፣ የተረፈው መልሱም እንዲሁ። ማታ ደግሞ ቤቲንጉ አለ። እናቱ ለዘይት የሰጠችውን ብር በስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን አስይዞ «ተበላሁ» እያለ የሚመጣ ጎረምሳ በየሰፈሩ ሞልቷል። ጊንጪም ብትሄዱ፣ ሆለታም፣ ጌዶም ይኸው ነው።

ይሁን፣ መውደድ አይከለከልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጋናው፣ ሴኔጋሉ፣ ግብጹ ለአውሮፓ ሲያለቅስ የራሱ ልጅ እዚያ ስላለ ነው። የኛ ልጆች የሚያለቅሱት ለማን ልጅ ነው? ከኛ መካከል የሄዱት ጥቂቶች ሲጫወቱማ በዚህች ከተማ አንድ ቴሌቪዥን አልተከፈተም።

ሳላዲን ሰዒድን ውሰዱ። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስንበቃ ፊት መስመራችን ላይ የነበረው እሱ ነው። ከዛምቢያ ጋር የሳታትን ፍጹም ቅጣት ምት ግን እስከ ዛሬ ከነሰዓቷ የሚቆጥርበት አለ። ይህ ልጅ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ለሊርስ ተጫውቷል። የግብጹ ዋዲ ደግላና ሊርስ ባለቤታቸው አንድ ሰው ነበር፤ በዚያ በር ነው የገባው። የልጅ ልጄን «ሊርስ የት ነው?» ብለው «ቮሊቦል ነው?» አለኝ።

ጋቶች ፓኖም ደግሞ በ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ ሩሲያ ገባ፤ አንዚ ማካችካላ። ካርታዬን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ ዳግስታን፣ ካስፒያን ባሕር ዳር። የጋምቤላ ልጅ ካስፒያን ዳር ሲደርስ ጉድ ያለ የለም። ያ ክለብ በ2022 ፈረሰ። ሊርስም አስቀድሞ በ2018 ከስሮ ተዘግቶ ነበር። ጎረቤቴ ይህን ስነግረው «የኛ ሰው የረገጠው ክለብ አይበረክትም ማለት ነው» አለና ወዲያው አርሰናል ኢትዮጵያዊ እንዳያስፈርም ስለት ሊሳል ምንም አልቀረው።

ሎዛ አበራን ግን በምን አፍ እንደሚያልፏት አላውቅም። የዱራሜ ልጅ ናት። ስዊድን ሞክራ፣ ከዚያ ማልታ ሄዳ፣ በ2019/20 ከቢርኪርካራ ጋር ሻምፒዮን ሆነች፤ የሊጉም ኮከብ ጎል አስቆጣሪ እሷ ነበረች። ማልታ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ብትወድቅ ፈላጊ ይላክላታል። ቢሆንም አውሮፓ ናት፤ ዋንጫም ዋንጫ ነው። «አባባ፣ እሷ እኮ ሴት ናት» ይለኛል የልጅ ልጄ፤ እሱ ራሱ ኳስ በእግሩ የነካው ስምንተኛ ክፍል ሳለ ነው።

የቼኩን ቴዎዶር ገብረሥላሴንም አትርሱት። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼክ። በጀርመን ለቬርደር ብሬመን ከ2012 እስከ 2021 ተሰልፏል። ስሙ የኛ፣ ማልያው የቼክ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቡንደስሊጋ «ገብረሥላሴ» ሲባል እዚህ ሰው የሚሰማው ኃይሌ የሮጠ እየመሰለው ነበር።

አውሮፓ የደረሱልን ለምን በዙ አይባልም፣ ለምን አነሱ ነው ጥያቄው። እኔ የሚታየኝን ልናገር። የኛ ክለብ አብዛኛው በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖር ነው፤ ተጫዋች ሸጦ ማደር አያስፈልገውም፣ ስለዚህም የሚሸጥ ልጅ አያሳድግም። የሌላው አፍሪካ ክለብ አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ እንደ ቡቃያ ይጠብቀዋል፤ የኛው ከጎረቤት ክለብ ሠላሳ የሞላውን በፊርማ ያመጣል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ገደብ የሚጣለው ያለፈ ሲኖር ነው። ይህን የሰማሁ ዕለት ጡረታዬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ፤ ቶሎ አለቀ። እንግዲህ በአገሩ ይህን የሚበላ ጎልማሳ ስዊድን ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሄዶ በረዶ የሚጠርገው ምን በወጣው?

እንግሊዝ ደግሞ የሥራ ፈቃድ በነጥብ ነው የምትሰጠው። ለብሔራዊ ቡድን በመሰለፍ የሚገኘው ነጥብ አገሩ በፊፋ ደረጃ እስከ 50ኛ ላለ ነው። እኛ ከ100 በታች ነን። መልማይ መጥቶ እንዳያየን ደግሞ ካፍ ስታዲየሞቻችሁ ደረጃ አያሟሉም ብሎናል። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ «በሜዳችን» የተባለው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጥር 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን እነመንግሥቱ ወርቁ ይህችኑ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫ ያነሡት አዲስ አበባ ላይ፣ ንጉሡ እያዩ ነው። ያኔ ባለሜዳ ነበርን፤ ዛሬ ተከራይ ነን።

ከኳስ ተጫዋች ሯጭ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ሯጭ ክለብ ባይገዛው፣ ስታዲየም ባይኖረው፣ ዳገት አያጣም። የጀልዱው ፈይሳ ሌሊሳ፣ ከዚህ ከኛው ከምዕራብ ሸዋ፣ ከድንቹ አገር ተነሥቶ በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሪዮ ኦሎምፒክ በማራቶን ብር ወሰደ። የልጅ ልጄ የአርሰናሉን የሳካን ግራ እግር ከነጫማ ቁጥሩ ያውቃል፤ ጀልዱ በየት በኩል እንደሚኬድ ግን መንገደኛ ቢጠይቀው ያሳስተዋል።

አሁን ደግሞ «አባባ፣ አዲሱን ማልያ ይግዙልኝ» ብሎ ይዞኛል። እሺ አልኩት፤ ግን ጀርባው ላይ «ሎዛ» ተብሎ ይጻፋል። ስም የሚያትመው ልጅ ሒሳቡ በፊደል ነው፤ በኛ ፊደል ሎዛ ሁለት ብቻ ናት። ገብረሥላሴ ብዬ ቢሆን ኖሮ ጡረታዬም ባልበቃ።

«ይህን ለብሼ ዲኤስቲቪ ቤት ብገባ ያባርሩኛል» አለ።

ቀብዱን ከፍያለሁ።