ምኞት አይከለከል

የቮልስዋገኑ አለቃ ፈርዲናንድ ፒየሽ ከመርሴዲስ እኩል ልቁም ብለው ፌቶን የተባለችውን መኪና ወለዱ፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2002 ነው። ድሬስደን ከተማ መሀል በመስታወት የተሠራ ፋብሪካ ቆመላት፤ ወለሉ ጣውላ፣ የሠራተኛው ልብስ ነጭ። ዕቃዋን በከባድ መኪና ማጓጓዝ ነውር ይመስል የራሷ ትራም ተመደበላት።

መሐንዲሶቹ የታዘዙት ደግሞ ይህን ነበር፦ ውጭው 50 ዲግሪ እየነደደ፣ ቀኑን ሙሉ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ስትበር፣ ውስጧ ከ22 ዲግሪ ንቅንቅ እንዳይል። መቼም ለገሃነም አውራ ጎዳና ታስባ መሆን አለበት። ለገበያ ስትወጣ ግን ፍጥነቷ 250 ላይ ተገደበ።

ሁሉ ተሟልቶ የጎደለው ገዢ ብቻ ሆነ። ባለጸጋው ያን ሁሉ ብር ከስክሶ ፊቷ ላይ የሚያገኘው የጎረቤቱን የቮልስዋገን ጎልፍ አርማ ነው! ደረሰኙን መስታወቷ ላይ ካልለጠፈ ማን ያውቅለታል? አሜሪካ በ2006 ሽያጯ ቆመ፤ በ2016 ምርቷም አበቃ።

ብልጦቹ እዚያው የቮልስዋገን ቤተሰብ ውስጥ፣ በዚያው አጽም ላይ የታነጸውን ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ በእጅጉ በሚበልጥ ዋጋ ገዙ፤ እየተደሰቱም ከፈሉ። አርማው ክንፍ አለዋ!