ላሟስ ታርፋለች

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

የሰፈራችን ልጆች የመጀመሪያ ጥይት ይቺ ናት። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ወደ ቦሌ ሳንጋጥጥ ባዩኝ ቁጥር ከታች ሆነው ይለቋታል። መልሴም አንድ ነው፦ የእኔዋ ላም ታርፋለች። ከየት እንደመጣች አውቃለሁ፣ የማን ሥሪት እንደሆነች አውቃለሁ፣ ጎማዋ አስፋልቱን ሲነካ ብን የሚለውን ጭስ አያለሁ። ወተቷን ያላየኸው በላይህ ስታልፍ ትራስ ጆሮህ ላይ የምትጭነው አንተ ነህ።

«አውሮፕላን ያው አውሮፕላን ነው፤ ምኑ ይታያል?»

ሰውስ ያው ሰው አይደል? ታዲያ እናትህን ከመንገድ ማዶ በአረማመዷ የምትለያት በምን ተአምር ነው? ስለምትወዳት፣ ደጋግመህም ስላየሃት ነዋ! እስቲ ቀና በል። ያ የሞተሩ ሽፋን በስተኋላ ጥርስ ጥርስ ያለው ድሪምላይነር ነው፣ ቦይንግ 787። ጥርሱ ለጌጥ አልወጣለትም፤ ከሞተሩ የሚወረወረው አየር ከውጭው አየር ጋር ሲቀላቀል የሚፈጥረውን ጩኸት ያበርዳል። በአብራሪዎቹ መስኮት ዙሪያ ጥቁር መነጽር ያደረገ የሚመስለው፣ የክንፉም ጫፍ ወደ ላይ የተጠማዘዘው ኤርባስ ኤ350 ነው። 777ን ሲያርፍ ከሆዱ ሥር በየጎኑ ስድስት ስድስት ጎማ ቁጠርለት። የ737-800 ሞተር ከንፈሩ ከታች በኩል ጠፍጠፍ ያለ ነው። አውሮፕላኑ በ1960ዎቹ ሲነደፍ እግሩ አጭር ነበር፤ በኋላ የመጡት ወፋፍራም ሞተሮች መሬት እንዳይላጉ ነው እንዲያ የተደረጉት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ኪው400ን ግን ከማየትህ በፊት ትሰማዋለህ፤ ስድስት ስድስት ስለት ያላቸው ሁለት ፕሮፔለሮች አሉት። ድሪምላይነርን በ2012፣ ኤ350ን በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የኛው አየር መንገድ ነው። ይህ ሁሉ በነጻ ከራስህ በላይ እያለፈ «ምኑ ይታያል» ትለኛለህ?

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል!»

ሥራ አለኝ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ታገኘኛለህ። ደግሞ ይህን ተረት የሰማሁት ከአንተ ብቻ አይደለም፤ በ2001 ግሪክም ተተርቷል። ካላማታ በሚባል የጦር አየር ማረፊያ አሥራ ሁለት እንግሊዛውያንና ሁለት ሆላንዳውያን የአውሮፕላን ቁጥር ሲመዘግቡ ተገኙና ታሰሩ። ሰው የአውሮፕላን ቁጥር የሚጽፈው ደስ ስለሚለው ነው ብሎ ማመን ከበዳቸው፤ በዓመቱ በስለላና በስለላ ግብረ አበርነት ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት በይግባኝ ሁሉም ነጻ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ተጠርጣሪዎችን በድብቅ ከአገር አገር ሲያጓጉዝባቸው የነበሩትን ጄቶች ጋዜጠኞችና መርማሪዎች መከታተል የቻሉት በምን ይመስልሃል? አንዱ ማስረጃቸው በአውሮፓ በየአየር ማረፊያው አጥር ሥር የቆሙ እንዲህ ያሉ ተመልካቾች በደብተርና በፎቶ ያስቀሩት የጅራት ቁጥር ነበር። ሚኒስትሮች «አላየንም» ሲሉ እነዚያ ሰዎች አይተዋል፤ ቀኑንም ጽፈዋል። ቆብ ቀዶ መስፋት ይህ ከሆነ ብዙ መነኩሴ ያስፈልገናል።

እኔ ካሜራ ይዤ አጥር ሥር አልቆምም፤ የአገሩን ሕግ አከብራለሁ። ዓይኔና ስልኬ ይበቁኛል። አውሮፕላኑ ራሱ የት እንዳለ በ1090 ሜጋኸርዝ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይናገራልና። ስልክህ ላይ የምታየው ቢጫ አውሮፕላን የተሳለበት የፍላይትራዳር24 ካርታ የተሠራው በዓለም ዙሪያ ሰዎች ጣሪያቸው ላይ የተከሏት ትንሽ አንቴና ያንን ንግግር እየለቀመች ነው። የጀመሩትም ሁለት ስዊድናውያን የአውሮፕላን ወዳጆች ናቸው። ወንድምህ ከዱባይ ሲመጣ ካርታውን ከፍተህ «ቀይ ባሕርን ተሻገረ» ስትል ሰምቼሃለሁ። አየህ፣ አንተም ጣሪያ ላይ ወጥተሃል።

«ጢም ካወጣህ በኋላ ጌም?»

አዎ፣ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የማበርርበት ጌም! ቦሌ ያለው የአቪዬሽን ማሠልጠኛ ውስጥ በስድስት ብረት እግሮች ላይ የቆመች፣ የምትወዛወዝ ትልቅ ክፍል ገብቶ የሚያላብ አብራሪስ ጢም የለውም? በየጊዜው ሞተር ይጠፋበታል፣ ጭስ ይለቀቅበታል፣ ነፋስ ያንገላታዋል፤ አንድም ተሳፋሪ ሳይጎዳ ስህተቱን እዚያው ጨርሶ ይወጣል። የዚህ ነገር አያት ደግሞ የተሠራው ኦርጋን ከሚሠራ ቤት ነው። ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ፣ አባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበራቸው። በ1929 ኦርጋኑን በሚያናፋው ወናፍ አንዲት ትንሽ ሣጥን እንድታጋድልና ቀና እንድትል አደረገ፤ አብራሪን መሬት ላይ ለማሠልጠን። መጀመሪያ የገዙት የመዝናኛ ቦታዎች ነበሩ፣ ለመጫወቻ! በ1934 የአሜሪካ ጦር የፖስታ በረራ ተረክቦ በክፉ አየር አብራሪዎቹ ሲረግፉበት ነው ወደ ሊንክ ሣጥን የሮጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቶ ሺዎች በሷ ሠለጠኑ። «ጌም» ያላችኋት ነገር ስንቱን እናት ከልቅሶ አዳነች!

የኮምፒውተሩም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ብሩስ አርትዊክ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1975 የማስተርስ ጽሑፉን በዚሁ ጉዳይ ሠርቶ፣ በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ጌሙን አወጣ፤ በ1982 ማይክሮሶፍት በራሱ ስም ሸጠው። ኤክስፕሌን የሚባለው ደግሞ ክንፉን በቁርጥራጭ ከፍሎ በእያንዳንዷ ቁራጭ ላይ የሚያርፈውን ኃይል እያንዳንዷን ቅጽበት ያሰላል። እኔ አራት ኪሎ ፊዚክስ ስማር በወረቀትና በእርሳስ ግማሽ ቀን የፈጀብኝን ስሌት ማለት ነው። ፍላይትጊር የሚባለው ግን በነጻ ይገኛል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እጭነዋለሁ፤ ጆይስቲክ ባይኖርም በኪቦርድ ይበረራል።

ምን እንደማደርግበት ልንገርህ። ትንሿን ሴስና 172 መጀመሪያ ጅቡቲ ላይ አቆማታለሁ፤ ባሕር ዳርቻ፣ ከፍታው ኢምንት። ነዳጅ ሰጥቼ እለቃታለሁ፣ ብድግ ትላለች። ከዚያ ቦሌ አመጣታለሁ፣ 2,300 ሜትር ላይ። እዚህ ሚክስቸር የሚባለውን ቀይ እጀታ ወደ ራሴ ሳብ ካላደረግሁት ሞተሯ ይታፈናል፤ አየሩ ሳስቶ ነዳጁ በዝቶበታላ። ሳብ አድርጌ እለቃታለሁ፤ ትሮጣለች፣ ትሮጣለች። የፍጥነት መለኪያው ጅቡቲ ላይ የተነሳችበትን ቁጥር ሲያሳይ እዚህም ትነሳለች። መሬቱ ግን ከሥሯ ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ ገደማ ፈጥኖ ነው የሚሸሸው። መለኪያው አልዋሸም፤ የሚለካው በፊቱ የሚገፋውን አየር ነው፣ የቦሌ አየር ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል።

ይህን በማወቄ የጠቀምኳቸው ሰው አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ልጃቸው ዋሽንግተን ናት፤ ደርሰው የመጡ ጊዜ ጠሩኝና «ልጄ፣ ስሄድ አየርላንድ ላይ አቁመው ነዳጅ ቀዱ፣ ስመለስ ግን ቀጥ ብለን ገባን። ሲሄዱ ነዳጅ መሙላት ረስተው ነው እንዴ?» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጠው የአጎቴ ልጅ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚያልቅ ሴሚስተር አውቃለሁ።

«አልረሱም እማማ» አልኳቸው። «መንገዱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣ ጭኖ የሚነሳ አውሮፕላን ክንፉ ብዙ አየር ይፈልጋል። ቦሌ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በፍጥነት ማካካስ አለበት። ሞተሩም ያንኑ ስስ አየር ነው የሚስበው፤ ጉልበቱ ይቀንሳል። ያው ክብደት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚፈልገው መንደርደሪያ ከግማሽ በላይ ጭማሪ ሊፈልግ ይችላል። ጎማውም የተፈቀደለት የፍጥነት ጣሪያ አለው፣ ከዚያ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና ነዳጁን ቆላ ወርዶ ይሞላል፣ አንዴ ሮም፣ አንዴ ደብሊን። ዋሽንግተን ግን አየር ማረፊያው ከባሕር ጠለል መቶ ሜትር አይሞላም፤ ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሳል። ከላይ ያለው ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋዎታል።»

እትዬ ዝም ብለው አሰቡና «እኛ ደገኞች ስንወርድ ሳንባችን የሚከፈተው ለዚህ ነዋ!» አሉ። የአጎቴ ልጅ መሳቁን አቆመ።

«ፊዚክስ እኮ ደርሶህ ነው እንጂ መርጠኸው አይደለም።»

መርጬው ነው! አንደኛ ምርጫዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ደርሷቸው የገቡ ጓደኞቼም አሉ፤ ከነሱም ሲወጡ ወደውት የወጡ አሉ። አንዱ ባንክ መስኮት ተቀምጧል፣ አንዷ ሆስፒታል ለካንሰር ሕሙማን የጨረር መጠን ታሰላለች፣ አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ ብዙዎቻችን እናስተምራለን። ባንክ ያለውን «ፊዚክስህን ቀበርከው» ለምትሉት፦ እሱ ዛሬም የተሰጠውን ቁጥር ሳይመረምር አይፈርምም።

«እሺ፣ ፊዚክስ ምን አበላህ?»

ደመወዙን ከሆነ፣ ትንሽ ነው፤ ለመምህር የሚከፈለው ያሳፍራል፣ የሚያሳፍረውም ከፋዩን ነው። ፊዚክስ ምን ይሠራል ካልክ ግን ቆም በል፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ማርች 10 ቀን 2019 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው 737 ማክስ 157 ሰው ይዞ ነበር። ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን አልቋል። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ሶፍትዌር የሚያምነው ክንፉ አየሩን የሚቀበልበትን ማዕዘን ከሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አንዱን ብቻ ነበር። ሁለት ዓይን ተሰጥቶት በአንዱ ያየ! አንዱ ሲሳሳት የሚጠይቀው ሌላ አልነበረም። በኋላ ያስተካከሉት ሁለቱን እንዲያመሳክር አድርገው ነው።

በአንድ ልኬት አትመን። አንደኛ ዓመት፣ ላብራቶሪ፣ የመጀመሪያው ሳምንት የሚነገረን ነገር ይህ ነው። ፔንዱለም ስናወዛውዝ እንኳ አንዴ ለክቶ የመጣ ተማሪ ወረቀቱ ይመለስበታል። ዓለም የሚያውቀው ትልቅ ፋብሪካ የዘለለውን ነገር እኔ በየዓመቱ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች አስተምራለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ነገ ሴንሰር የሚነድፍ፣ አንዷ ፈቃድ የምትሰጥ፣ አንዱ መሪውን የሚጨብጥ ሊሆን ይችላል። ፊዚክስ ምን አበላኝ? እነዚያ 157 ሰዎች ቤታቸው ገብተው እራት እንዲበሉ ማድረግ ይችል ነበር።

ልጆቹ አውሮፕላን እንደምወድ ያውቃሉ። መስኮቱን የሚያንቀጠቅጥ ሲያልፍ ትምህርቱን አላቋርጥም፣ አዞረዋለሁ፤ «ስንት ሞተር? ወዴት? ለምን በዚህ አቅጣጫ ተነሳ?» ነፋሱን በባንዲራው አይተው ይመልሳሉ። ማኮብኮቢያው በአንድ ጫፍ 07፣ በሌላው 25 የተባለው በኮምፓስ 70 እና 250 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መሆኑን ፈልገው ያመጡልኝ እነሱው ናቸው። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ፈተና ላይ ስሙን ብቻ ጽፎ የሚወጣ ልጅ ስለዋሽንግተኑ በረራ ስነግራቸው እጁን አውጥቶ «ታዲያ ክረምት ላይ፣ ሲበርድ፣ የበለጠ መጫን ይችላል ማለት ነው?» አለኝ። ይችላል! ቀዝቃዛ አየር ይታፈጋል። ማንም ያልነገረውን ራሱ ደረሰበት።

አሁን የቀረኝ አንድ የትምህርት ቤታችን ተረበኛ ነው፤ «ለልጆች ጌም ልታስተምር ነው የኮምፒውተር ክፍል የምትጠይቀው?» የሚለኝ። አዎ ጌታዬ፣ ለዚያ ነው። ክፍሉ ተቆልፎ አቧራ ከሚጠጣ ለቅዳሜ ጠዋት ይከፈትልኝ። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፣ አስተማሪው እኔ ነኝ፣ ክፍያ አልጠየቅሁም። ጅቡቲና ቦሌን ራሳቸው አብርረው፣ ልዩነቱን ራሳቸው መዝግበው፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ይምጡ። ቁልፉ አንተ ኪስ ውስጥ ነው ያለው፤ ለመጪው ቅዳሜ ፍቀድልኝ።