አንደኛ ደረጃ ተሳታፊ

እኔ በሙያዬ ተሳታፊ ነኝ። እንጀራ የምበላበት ሥራ ሌላ ነው፤ ሙያዬ ግን ይኸው ነው። የምኖረው ቡልጋሪያ ነው። አትደንግጡ፣ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ እኛ አዲስ አበቤዎች ከሜክሲኮ ቡልጋሪያ በታክሲ ሳንቲም የምንሻገር ሕዝብ ነን። በዚህ አካባቢ ስለ ልማት በሚመከርበት አዳራሽ ሁሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምታዩት ሰውዬ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ረድፍ የአመራሩ ነው፤ ሁለተኛው ንግግራቸው ተጽፎ የተሰጣቸው ሰዎች ነው፤ ሦስተኛው እንደኔ ሳይጻፍለት የት ቦታ እንደሚጨበጨብ የገባው ሰው ነው።

ሰሞኑን አንዳንድ ሐሜተኞች «ነዋሪው በሰፈሩ ልማት አይሳተፍም» ይላሉ። ቅጥፈት ነው! የፈረምኩባቸው የስም መቆጣጠሪያ ወረቀቶች ቢቀጣጠሉ ከቡልጋሪያ ተነሥተው ቄራ ይደርሳሉ።

ለማያውቅ አሠራሩን ላስረዳ። ከዋዜማው ማታ በር ይንኳኳል። «ነገ ሁለት ሰዓት ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀሩ፣ ስም ይያዛል።» የሁለት ሰዓቱ ስብሰባ አራት ሰዓት ይጀመራል። ሲገባ አንዳንድ ውኃ ይታደላል፤ አዳራሹ ውስጥ ለነዋሪው የሚሰጠው ተጨባጭ ነገር ይኸው ውኃ ስለሆነ በእርጋታ ይጠጣ። ቀጥሎ ከመድረክ ሰነድ ይቀርባል። ሰነዱ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ፈገግተኛ ወጣት፣ የዘንባባ ዛፍና በሥዕል ብቻ የሚታይ ጥርት ያለ ሰማይ አለ። እኔ በነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ነጠላ ያጣፋች እናት ፈልጌ አግኝቼ አላውቅም። ጀበና የያዘችም የለች።

ከዚያ «መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው» ይባላል። ሦስት ሦስት ሰው ዕድል ይሰጠዋል፤ ሰዓት ስለሌለ ጠቅለል፣ አጠር። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ቤቴ የሚፈርሰው መቼ ነው?» አሉ። ሰብሳቢው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እማማ፣ ጥያቄዎ በጣም ገንቢ ነው» አላቸው። ይህን የሰማ ሰው አማርኛ ደኸየ ይላል? ስለ ማፍረስ ተጠይቆ በግንባታ የሚመልስ ቋንቋ የቱ ጋ አለ!

በመጨረሻ የአቋም መግለጫው ይነበባል። አንዳንድ ጨለምተኛ «ከውይይቱ በፊት የተጻፈ ነው» ብሎ ያጉረመርማል። ታዲያ ምን አለበት? ነዋሪው ምን እንደሚያስብ አስቀድሞ ያወቀ አስተዳደር ይመሰገናል እንጂ ይወቀሳል? ማታ ዜናው ላይ «ነዋሪዎቹ መደሰታቸውን ገለጹ» ሲባል ፊቴ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይታያል። እያዛጋሁ የተቀረጽኩበትም ጊዜ አለ፤ በዜናው ላይ ሳቅ መስሏል።

አያቴ የተዳሩት በጠለፋ ነበር። ወንዶቹ ልጅቷን ከውኃ መንገድ ጠልፈው ከወሰዱ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ወደ አባቷ ቤት ይላካል። ሽማግሌዎቹ በጨዋ ደንብ ከበር ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» ብለው ይለምናሉ። አባትየው ቢሰጥም ባይሰጥም ልጅቷ እዚያው ናት። ሽምግልናው ግን አልቀረም፤ ደንቡ ተፈጸመ። አንዳንድ ሰው የሰፈራችንን ምክክር ሲያይ ለምን ይህ ትዝ እንደሚለው እኔ አይገባኝም።

ሕጉም ቢሆን ከእኛው ጋር ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው። እንግዲህ «መጠየቅ» የሚለውን እዩት። ጠ ሲላላ ነዋሪው ጠያቂ ነው፤ ጠ ሲጠብቅ ነዋሪው የሚጠየቅ ነው። በእኛ አዳራሽ ሦስተኛ አነባበብ ተገኝቷል፤ ነዋሪው ከስብሰባ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ባለይዞታው ከመነሣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከር አዘዘ። አርቆ አሳቢው ሕግ አውጪ ግን መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ማስነሣት እንደሚቻል አብሮ ጻፈ። በዚህች ከተማ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ያየ እጁን ያውጣ። (በቀበሌ ቤት የኖረውማ ባለይዞታም አይደለ። ለሱ ጠ ላላም ጠበቀም ያው ነው።)

ደግሞ አለመጠየቅን የጀመሩት የዛሬዎቹ አይደሉም፤ ለታሪክ ታማኝ እንሁን። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ተቋም ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»። ስሙ ሲወጣ የጠየቀን የለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ አርክቴክት አዲስ አበባን አንድም ቀን ሳይረግጥ፣ ኮረብታና ወንዟን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ጎዳና በወረቀት ላይ አሰመረላት። እሱ እንኳ የስም መቆጣጠሪያ አላዞረም፤ እዚህ ላይ የኛዎቹ ይሻላሉ። ከዚያ በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተወለደ። ቀበሌ ያኔ በስሙ ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር! ነዋሪው ማኅበሩን ሊያነጋግር በመስኮት በኩል ወረፋ ሲይዝ ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆነው።

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከፒያሳ ተነሥቶ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲደርስ እኔ እንደ ልማዴ ደስታዬን ገለጽኩ። ሐሜተኞቹ ካዛንቺስን ገነት ያስመስሏታል። አልነበረችም። ጭቃ ግድግዳው ያበጠ፣ ለስንት አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት የነበረው፣ በክረምት ጣሪያው ሥር ሳፋ የሚደረደርበት ግቢ ሞልቶ ነበር። የእግረኛ መንገዱ ዛሬ ሰፊ ነው፤ መብራቱም ያምራል፤ ይህን የምለው ያለ ሽሙጥ ነው። ይህን ሁሉ ያ ሳፋ ደርዳሪ ራሱ ቢጠየቅ ኖሮ ከማንም በፊት ይለው ነበር። የሚያንጠባጥበውን ቦታ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እሱ ለመውጣት የተሰጠውን ጊዜ በወር ሳይሆን በቀን ሲቆጥር መሰላል ላይ ነበር፤ ቆርቆሮውን ይነቅል ነበር።

መሰላል ስል ትዝ አለኝ። ሼሪ አርንስቲን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ በመሰላል መስላ ስምንት እርከን ሠራችለት። ከታች ማሞኘት፣ መሐል ላይ ማማከር፣ ከላይ ጫፍ ላይ ነዋሪው ራሱ የሚወስንበት። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎቿን ሰብስባ የከተማዋ ገንዘብ በየትኛው ሰፈር ለየትኛው ቦይ ይዋል እያለች አስወሰነች። እኛ መሰላሉን ቆርቆሮ አወረድንበት። እያንዳንዱ አገር እንደ ፍላጎቱ።

እድሩን ሳላነሣ ብቀር ይቆጨኛል። በካዛንቺስ የማውቀው አንድ እድር ነበር። መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት አለው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሊቀመንበሩ ሂሳብ ቢያዛባ አባላቱ ቆመው ያወርዱታል፤ ደግሞ አውርደዋል። የሰፈር ሰው ተደራጅቶ፣ ተወያይቶ፣ ወስኖ፣ አዋጥቶ፣ ለሌባ ጥበቃ ቀጥሮ መኖር ይችላል ወይ የሚል ጥናት ማጥናት የፈለገ ሰው ጥሩምባ ነፊውን ቢጠይቅ ይበቃው ነበር። ሰዉ ሲነሣ ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ ዘመድ ቤት ገባ። ድንኳኑ ለማን ይድረስ የሚለው ጉዳይ በነባሩ ደንብ ውስጥ አልነበረም። በየአዳራሹ ግን «ዘላቂ የማኅበረሰብ አደረጃጀት መፍጠር» የሚል ርዕስ አሁንም በስላይድ ይታያል፤ እኔም አጨበጭባለሁ።

ተሳትፎ የለም የሚሉ ደግሞ አማርኛ ይማሩ። በየመንደሩ የኮብልስቶን መንገድ ጫፍ ላይ «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ አላዩም? ምን ማለት ነው? መዋጮ! በመንግሥት አማርኛ ተሳተፍኩ ማለት ከፈልኩ ማለት ነው። ድንጋዩ የት ይነጠፍ፣ ቦዩ ወዴት ይፍሰስ የሚለው ቴክኒካዊ ነው፤ ደረሰኙ ሕዝባዊ ነው። በኮሪደሩ ዳር ያሉ ሕንጻዎች ቀለም ግራጫ ይሁን ሲባልም ባለቤቶቹ በሰፊው ተሳትፈዋል። ቀለሙን ገዝተዋል።

እንዲያውም ውይይት በዚህ ከተማ የሠራው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዕድሜያችሁ የገፋ ታስታውሳላችሁ፤ «ውይይት» የምንለው ታክሲ ነበር። ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተደርድሮ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ፣ የማይተዋወቅ ሰው ስለ ኑሮው እያወራ የሚሄድበት። በአዳራሽ ወንበሩ ሁሉ ወደ መድረክ ነው የዞረው፤ የጎረቤቴን ማጅራት በደንብ አውቀዋለሁ። በታክሲው ውስጥ ግን ከሁሉም ኋላ የተቀመጠች ደካማ ሴት «ወራጅ አለ!» ካለች ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል። አቅጣጫ ጠቁሙን፣ በጽሑፍ አስገቡ፣ የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ስብሰባ የአቋም መግለጫው ሦስተኛ ነጥብ ላይ እንደደረሰ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወራጅ አለ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢውም አብሮ ሳቀ፤ ከልቡ ነበር የሳቀው። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ አራተኛውን ነጥብ ቀጠለ።